ስሙ ሳይጠራ ጨዋታው የሚያልቅ ላይንባከር

ለንደን ፍሌቸር በአሜሪካ ፉትቦል 16 የውድድር ዓመት ሲጫወት አንድም ጨዋታ አላመለጠውም። 256 ጨዋታ በተከታታይ። ከዚህ ውስጥ 215ቱን ሳያቋርጥ በቋሚ ተሰላፊነት ጀምሯል፤ ከእሱ በፊት በላይንባከር (በተከላካዩ ቡድን መካከለኛ ረድፍ) ቦታ እዚህ የደረሰ አልነበረም። ከ2007 እስከ 2013 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የዋሽንግተን ቡድን የ59 ቁጥር ማልያ የእሱ ነበር። በዚያ ዘመን በዋሽንግተን ዙሪያ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ተቀምጦ እሑድ ከሰዓት ቴሌቪዥን የከፈተ ሐበሻ ሳያውቀውም ቢሆን ይህን ሰው ለሰዓታት አይቶታል። ስሙን የሚያስታውስ ግን ስንት ነው? የሊጉ ምርጦች ወደሚጠሩበት ፕሮ ቦውል ለመጀመሪያ ጊዜ የተጠራው በ2009፣ በሙያው 12ኛ ዓመት ነው፤ ያውም በሌላ ተጫዋች ምትክ።

እንዲህ ያለ ሰው እንዴት ሳይታይ ይቀራል? መልሱ ያለው በቦታው ጠባይ ውስጥ ነው። የላይንባከር ጥሩ ሥራ አብዛኛው ኳሱ ያልሄደበት ቦታ ላይ ስለሚሠራ ካሜራው አያገኘውም፤ ስታቲስቲክሱም አይመዘግበውም።

ጨዋታውን ለማያውቅ ሰው

ሜዳው 100 ያርድ ርዝመት አለው፤ በሁለቱም ጫፍ ነጥብ የሚቆጠርበት ተጨማሪ 10፣ 10 ያርድ አለ። አንድ ያርድ 91 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በየቡድኑ 11 ሰው ይሰለፋል። ኳሱን የያዘው ቡድን 10 ያርድ ለመግፋት አራት ሙከራ አለው፤ እያንዳንዱ ሙከራ ዳውን ይባላል። 10 ያርዱ ከሞላለት ቆጠራው እንደ አዲስ ይጀምርለታል። በሦስቱ ሙከራ ካልሞላለት አብዛኛውን ጊዜ በአራተኛው ኳሱን በእግሩ አርቆ ይመታና ለተጋጣሚው ያስረክባል። እንግዲህ መከላከል ማለት በሦስት ሙከራ 9 ያርድ ሰጥቶ 10ኛዋን መንፈግ ነው። ይህን ሒሳብ ያዙልኝ፤ የላይንባከር ዋጋ ኋላ ሲሰላ እዚሁ ላይ እንመለሳለን።

ተከላካዩ ቡድን በሦስት ረድፍ ይቆማል። ከፊት ከተጋጣሚው ግዙፎች ጋር ትከሻ ለትከሻ የሚጋፉ የመስመር ሰዎች አሉ። ከኋላ ኳስ ተቀባዮቹን የሚከተሉ ፈጣኖች አሉ። ላይንባከር በሁለቱ መካከል፣ ኳሱ ከተቀመጠበት መስመር 4 ወይም 5 ያርድ ወደኋላ ይቆማል። በእኛ ኳስ ቋንቋ ለተከላካይ አማካይ የቀረበ ነው፤ ወደፊት ገፍቶ የመስመሩን ቀዳዳ ይደፍናል፣ ወደኋላ አፈግፍጎ ተቀባይ ይሸፍናል፣ የቱን እንደሚያደርግ የሚወስነው ግን ኳሱ ከተነሳ በኋላ በግማሽ ሰከንድ ውስጥ ነው።

የመሃሉ ማይክ ይባላል፤ ታይት ኤንድ የሚባለው ተጨማሪ አጋጅ በተሰለፈበት ወገን ያለው ሳም፣ በሌላው ወገን ያለው ዊል። ዛሬ ዛሬ አጥቂዎች ሦስትና ከዚያ በላይ ተቀባይ ስለሚያሰልፉ ሳም ብዙ ጊዜ ወጥቶ በእሱ ፋንታ ከኋላ አምስተኛ ፈጣን ተከላካይ ይገባል። መሃሉን የሚጠብቁት ሁለት ላይንባከር ብቻ ይቀራሉ፤ ሜዳው ግን አልጠበበላቸውም። ከመስመሩ ጫፍ ተነስቶ ኳርተርባኩን (የአጥቂውን ቡድን ኳስ ወርዋሪ) የሚያሳድደውም አንዳንዴ «አውትሳይድ ላይንባከር» ይባላል። ሥራው ፈጽሞ ሌላ ነው፤ ክፍያውም ሌላ ነው።

ኳሱ ከመነሳቱ በፊት

አንዱ ሙከራ እንዳለቀ 40 ሰከንድ መቆጠር ይጀምራል። ለተመልካች ይህ የድጋሚ ምስል ማያ ወይም ቡና መቅጃ ጊዜ ነው። ለማይክ ግን የቀኑ ከባዱ ሥራ እዚህ ነው።

ከ2008 ጀምሮ በኤንኤፍኤል (በዋናው የአሜሪካ ፉትቦል ሊግ) ከተከላካዩ ቡድን አንድ ተጫዋች የአሰልጣኙን ድምፅ በራስ ቁሩ ውስጥ ይሰማል። ራስ ቁሩ ላይ በተለጠፈች አረንጓዴ ነጥብ ይለያል። ነጥቧ ብዙውን ጊዜ የምትለጠፈው ላይንባከር ላይ ነው፤ ከሜዳ የማይወጣ፣ ድምፁ ከፊትም ከኋላም ላለው የሚደርስ እሱ ስለሆነ። ሰዓቱ 15 ሰከንድ ሲቀረው ግን ሬዲዮው ይዘጋል። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ለውጥ ሁሉ የሚፈታው እሱ ራሱ ነው።

የሰማውን ትእዛዝ ለቀሩት ያስተላልፋል። ታይት ኤንዱ በየት በኩል እንደቆመ አይቶ ጠንካራውን ወገን ይጮኻል። ለዚህ ብዙ ቡድኖች የሚጠቀሙባቸው አጫጭር ቃላት አሉ፦ ቀኝ ከሆነ «ሪፕ»፣ ግራ ከሆነ «ሊዝ»፤ የቃሏ የመጀመሪያ ፊደል የእንግሊዝኛውን ቀኝና ግራ እንድታስታውስ ተብላ የተመረጠች ናት። ተቀባዮቹ ሁለት ለሁለት ተከፍለዋል ወይስ ሦስቱ ባንድ ወገን ናቸው? ኳስ ይዞ የሚሮጠው ራኒንግ ባክ ከኳርተርባኩ በየት በኩል ቆሟል? ይህን ሁሉ ቆጥሮ ሲጨርስ አንዱ ተቀባይ ሜዳውን አቋርጦ ወደ ሌላው ወገን ይሮጣል። ጠንካራው ወገን ተቀየረ። ቅድም የተጮኸው ሁሉ እንደገና መጮህ አለበት፤ አሁን ግን የቀረው ሦስት ሰከንድ ነው፣ ስታዲየሙም ይጮኻል። ስለዚህ በእጅ ምልክት፣ ካልሆነም የፊቱን ሰው ወገብ መታ አድርጎ ያዞረዋል።

እዚህ ላይ የሚፈጠር ስህተት መልኩ ሁሌ አንድ ነው፦ አንዱ ሳይሰማ ይቀርና ሁለት ሰው አንድ ቀዳዳ ላይ ይገኛል፣ አንድ ቀዳዳ ደግሞ ባዶ ይሆናል። ሯጩ በባዶው ወጥቶ 20 ያርድ ሲሄድ ኮሜንታተሩ «መስመሩ ተበለጠ» ይላል። መስመሩ አልተበለጠም፤ መልእክቱ አልደረሰም። ማይክ መልእክቱን 60 ጊዜ በትክክል ሲያደርስ ግን የሚባል ነገር የለም።

ቀዳዳ የመድፈን ሒሳብ

የአጥቂው መስመር አምስት ሰው ነው፦ መሃል ሴንተር፣ በግራና ቀኙ ጋርዶች፣ ከነሱ ውጭ ታክሎች። (ታክል የቦታ ስምም ነው፣ ኳስ የያዘን ሰው መጣልም ታክል ነው። የመጀመሪያ ወር ተመልካች ሁሉ የሚደናገርበት ነው፤ ከዚህ በኋላ ለድርጊቱ «መጣል» እላለሁ።) በሴንተሩና በጋርዱ መካከል ያለው ክፍተት ኤ ይባላል፣ በጋርዱና በታክሉ መካከል ያለው ቢ፣ ከታክሉ ውጭ ያለው ሲ። ታይት ኤንድ ሲጨመር በእሱ በኩል አንድ ዲ ይጨመራል። ባጠቃላይ ሰባት ቀዳዳ። ለእያንዳንዱ ቀዳዳ ተጠያቂ የሆነ አንድ ሰው አለ። አራቱ የመስመር ሰዎች አራቱን ከያዙ ሦስቱ ለላይንባከሮቹና ከኋላ ለሚመጣ አንድ ሰው ይቀራሉ።

ይህ ወረቀት ላይ ቀላል ነው። ችግሩ ቀዳዳው ባለበት አይቆይም። «ፓወር» የሚባለውን የሩጫ ዓይነት እንውሰድ። የግራው ጋርድ ፊት ለፊቱ ያለውን ከመግፋት ይልቅ ቦታውን ለቆ ከመስመሩ ጀርባ ወደ ቀኝ ይሮጣል፤ ሯጩ ይከተለዋል። ጋርዱ ቀኝ ሲደርስ ያልነበረ ቀዳዳ እዚያ ይፈጠራል። ግራ ያለው ላይንባከር ይህን በጊዜ ካላየ በቀኝ በኩል ተከላካዮቹ አንድ ሰው ይጎድላቸዋል። ስለዚህ ዓይኑ መሆን ያለበት ጋርዱ ላይ ነው። ኳሱ ላይ ያፈጠጠ ላይንባከር ይሸወዳል፤ ኳስ ይዋሻል፣ 140 ኪሎ የሚመዝን ጋርድ ግን ለመዋሸት አይመቸውም። ራስ ቁሩ ዝቅ ብሎ ወደፊት ከመጣ ሩጫ ነው። ቀና ብሎ ወደኋላ ከተቀመጠ ውርወራ ነው። ወደ ጎን ከዞረ ተከተለው።

የመጀመሪያዋ እርምጃ ደግሞ አጭር መሆን አለባት፤ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ክብደት የሚያነቃ እንጂ ቦታ የሚያስለቅቅ ያልሆነ። አዲስ ላይንባከር የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ጉጉት ይይዘውና ገና ሳያነብ አንድ ሙሉ እርምጃ ወደፊት ይሄዳል። ግምቱ ከተሳሳተ ያን እርምጃ ለማጥፋት አንድ፣ ትክክለኛውን መንገድ ለመያዝ ሌላ እርምጃ ያስፈልገዋል፤ እስከዚያ ጋርዱ ደርሶ ደረቱ ላይ ተቀምጧል። ላይንባከር በአብዛኛው ከ105 እስከ 110 ኪሎ ነው። በ30 ኪሎ ከሚበልጠው ሰው ጋር ፊት ለፊት ቆሞ ገፍቶ አያሸንፍም፤ የሚያሸንፈው ቀድሞ በመድረስ፣ ዳሌውን ከእሱ ዝቅ በማድረግና በአንድ ትከሻ በመግጠም ነው። የትኛው ትከሻ? ቀዳዳው ቀኙ ከሆነ በግራ ትከሻው ይገጥማል፤ ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ ነጻ ሆነው ቀዳዳው ውስጥ እንዲቀሩ። በተሳሳተው ትከሻ የገጠመ ላይንባከር የቱንም ያህል ጉልበተኛ ቢሆን የራሱን በር በራሱ ጀርባ ከፍቶ ሰጥቷል።

ሌላው የተለመደ ጥፋት ከመዘግየት ይልቅ ከመፍጠን የሚመጣ ነው። ሯጩ ወደ ጎን ሲከንፍ ላይንባከሩም አብሮት ይከንፋል፣ ከዚያም ያልፈዋል። ሯጩ አንድ እግሩን ተክሎ ወደኋላ ይታጠፍና ላይንባከሩ በለቀቀው ቦታ ይወጣል። ረጋ ያለው ላይንባከር ሆን ብሎ ከሯጩ ግማሽ ሰውነት ያህል ኋላ ይሆናል፤ ዓይኑ የሯጩ የውስጥ ዳሌ ላይ ነው። ከውጭ ሲታይ የዘገየ ይመስላል። በርካታ ተመልካች «ይህ ሰው ፍጥነት የለውም» የሚለው ይህን ሲያይ ነው፤ መመለሻውን ዘግቶበት እንደሆነ አያስተውልም።

የመላው ቡድን አብዶ

በእግር ኳስ አብዶ አንድ ሰው አንድ ሰው ላይ ይሠራል። በአሜሪካ ፉትቦል 11 ሰው ባንድ ጊዜ አብዶ ይሠራል፤ የሚሠራበትም ሰው በአብዛኛው ላይንባከሩ ነው። «ፕሌይ አክሽን» ይሉታል። ኳርተርባኩ ኳሱን ለሯጩ የሰጠ ያስመስላል፣ መስመሩም የሩጫ ያህል ወደፊት ይገፋል። ላይንባከሩ ሁለት እርምጃ ወደፊት ከሄደ ከጀርባው፣ ከ12 እስከ 18 ያርድ ባለው ቦታ፣ ሰው የሌለበት ሰፊ ሜዳ ይከፈታል። ኳሱ እዚያ ይወረወራል። ቴሌቪዥኑ የሚያሳየው ከኋላ እየሮጠ የደረሰውን ፈጣን ተከላካይ ስለሆነ ጥፋቱ የእሱ ይመስላል።

ከዚህ የባሰው «አርፒኦ» (የሩጫ ወይም የውርወራ ምርጫ) የሚባለው ነው። እዚህ ኳርተርባኩ አያስመስልም፤ በእውነት አልወሰነም። መስመሩ ሩጫ ያግዳል፣ አንድ ተቀባይ ከላይንባከሩ ጀርባ በሰያፍ ይሮጣል፣ ኳርተርባኩም ላይንባከሩን ብቻ ያያል። ላይንባከሩ ወደ ሩጫው ከገባ ከጀርባው ይወረውራል፤ ወደኋላ ከቀረ ለሯጩ ይሰጣል። የቱንም ቢመርጥ ተሳስቷል። ለመስመሩ የተፈቀደለት ሩቅ መሄድ አይደለም፤ በኤንኤፍኤል ከአንድ ያርድ በላይ ወደፊት ከገፋ በኋላ ኳሱ ከተወረወረ ቅጣት ነው፣ በኮሌጅ ግን እስከ ሦስት ያርድ ይፈቀዳል። ኮሌጅ ውስጥ ይህ አጨዋወት ይበልጥ የበረከተው ለዚህም ጭምር ነው፤ መስመሩ ሦስት ያርድ ሲገፋ ከሩጫ ምንም የሚለየው ነገር የለም።

መድኃኒቱ? ሙሉ መድኃኒት የለውም። የተረጋጋ ላይንባከር የሚያደርገው ምርጫውን ማዘግየት ነው። ባለበት ሆኖ እግሮቹን እያንቀሳቀሰ፣ ትከሻውን ሳያዞር፣ ለግማሽ ሰከንድ ሁለቱንም መስሎ ይቆያል። ኳርተርባኩ በአማካይ ከሦስት ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ኳሱን መልቀቅ አለበት። ከዚያ ላይ ግማሽ ሰከንድ መስረቅ ትልቅ ነገር ነው፤ ለፊተኞቹ የምትሰጥ ጊዜ ናት። ኳርተርባኩን ያስደነገጠው የመስመር ሰው ይጨበጨብለታል፤ ግማሽ ሰከንዷን የሰጠው ማን እንደሆነ የሚያውቀው ፊልሙን ማክሰኞ የሚያይ አሰልጣኝ ነው።

ለአጥቂው ስኬት የሚመስል አምስት ያርድ

ከሁሉ በላይ ዋጋው የማይታወቀው ሥራ ይህ ነው። ሦስተኛ ሙከራ ነው፣ 8 ያርድ ይቀራል። ኳርተርባኩ ወደ ሩቅ ያያል፤ ተይዟል። መሃሉን ያያል፤ ላይንባከሩ 10 ወይም 12 ያርድ ወደኋላ አፈግፍጎ መስመሩን ዘግቷል። ስለዚህ አጠገቡ ወዳለው ራኒንግ ባክ አጭር ኳስ ይሰጣል። ላይንባከሩ ኳሱ ከእጅ ሲወጣ እግሩን ተክሎ ወደፊት ይነሳል፣ ሯጩን በ5ኛው ያርድ ላይ ይጥለዋል።

ወረቀቱ ላይ ምን ተጻፈ? ለኳርተርባኩ አንድ የተሳካ ውርወራ፣ ለተቀባዩ 5 ያርድ፣ ለላይንባከሩ አንድ መጣል። አጥቂው ግን ሦስት ያርድ ጎደለው፣ ኳሱን መትቶ ሊሰጥ ነው። አንድ ሙከራ ውስጥ ላይንባከሩ ሁለት ጊዜ አሸንፏል፦ መጀመሪያ መሃሉን በመዝጋት፣ ቀጥሎ ሳያመልጠው በመጣል። ሁለተኛውን ቢስት ኖሮ ጠቅላላው ሥራ ከንቱ ነበር። ክፍት ሜዳ ላይ ብቻ ለብቻ የመጣን ሯጭ ማስቆም ደግሞ ዘዴ ይጠይቃል። ከሦስት ሜትር ላይ ፍጥነትን ቀንሶ እርምጃን ማሳጠር፣ ለሯጩ ከሁለቱ አንዱን መንገድ ብቻ መተው፣ ወደ ሯጩ የቀረበውን እግር አጠገቡ ተክሎ በዚያው ወገን ትከሻ መምታት፣ እጆችን አጥብቆ መጠቅለል፣ እግርን አለማቆም። የሚስተው እግሩ ቆሞ በእጁ የሚዘረጋው ነው።

የተቆጠረውና ያልተቆጠረው

እዚህ ላይ ቁጥር ያታልላል። የመጣል ብዛት የሚቆጠረው ስታዲየም ውስጥ በተቀመጡ መዝጋቢዎች ዓይን ስለሆነ ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ ሁለት ሰው አንድ ላይ ሲጥሉ ማን ይጻፍለት የሚለውም የመዝጋቢው ፍርድ ነው። ይህን እንኳ እንተወውና የቅድሙን ሒሳብ እናምጣ። በመጀመሪያው ሙከራ ሯጩን በ3ኛው ያርድ ላይ የጣለ ላይንባከር ለተጋጣሚው 7 ያርድ አስቀርቶበታል፤ በ7ኛው ላይ የጣለው 3 ብቻ። ሁለተኛ ሙከራ ላይ 7 የቀረው ቡድንና 3 የቀረው ቡድን ፈጽሞ የተለያየ ጨዋታ ነው የሚጫወቱት፤ 3 የቀረው ሩጫም ውርወራም አብዶም ይችላል፣ 7 የቀረው ወደ ውርወራ ያዘነብላል። መዝገቡ ላይ ግን ሁለቱም «1» ናቸው። እንዲያውም ደካማ መስመር ያለው ቡድን ላይንባከር ብዙ ይጥላል፤ ሯጮቹ ሁሉ እሱ ጋ ስለሚደርሱ።

ቀዳዳውን ቀድሞ ስለደፈነ ሯጩ ዞሮ ሌላ ሰው እጅ ላይ ሲወድቅስ? ለላይንባከሩ የሚጻፍ የለም። ፍሌቸር በዚህ ሁሉ መሃል በ2011 በ166 ሊጉን መርቷል፤ በሙያ ዘመኑ ከ2,000 በላይ ጥሏል። እንዲህ ያለ ቁጥር ያለው ሰው 11 ዓመት ወደ ፕሮ ቦውል ሳይጠራ ከቆየ፣ ቁጥር የሌለው ምን ይሁን?

አንድ ምክንያት ቁመት ነው። ፍሌቸር 1.78 ሜትር ገደማ ነው፤ በ1998 ከትንሹ ጆን ካሮል ዩኒቨርሲቲ ሲወጣ ቡድኖቹ የኮሌጅ ተጫዋቾችን በሚመርጡበት ምልመላ ማንም አልመረጠውም። 1.75 ሜትር የነበረው ሳም ሚልስም አልተመረጠም ነበር፤ ወደ ዝና አዳራሽ የገባው ካረፈ ከ17 ዓመት በኋላ በ2022 ነው። ዛክ ቶማስ በምልመላው አምስተኛ ዙር ተመርጦ በ2023 ገባ። መልማዮች ቁመት፣ ክብደትና የ40 ያርድ ሩጫ ይለካሉ። ጋርድ የማንበቢያ ሚዛን የለም።

ገንዘቡም ይህንኑ ይላል። በ2025 ኳርተርባክ አሳዳጁ ማይልስ ጋሬት በዓመት 40 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ ውል ፈረመ። በዚያው ዓመት በብዙዎች ዘንድ የዘመኑ ምርጥ የመሃል ላይንባከር የሚባለው ፍሬድ ዋርነር የፈረመው በዓመት 21 ሚሊዮን ነው፤ ግማሽ ያህል። በ2023 ሮኳን ስሚዝ የ5 ዓመት 100 ሚሊዮን ሲያገኝ እንደ ትልቅ ዜና ተወራ። ይህ ልዩነት ከንቱ ነው አይባልም፤ ኳርተርባክን መሬት ላይ መጣል ጨዋታ ይቀይራል። የግማሹን ያህል ይለያያሉ ወይ የሚለው ግን ያጠያይቃል፤ አሳዳጁ ባንድ ጨዋታ 60 ሙከራ ውስጥ ሁለቴ ከተሳካለት ጀግና ነው፣ ማይክ ሁለቴ ቀዳዳ ከሳተ ግን ቡድኑ 14 ነጥብ ሊገባበት ይችላል።

አንዴ የታየ

ያልታወቀ ላይንባከር በመላው ዓለም ፊት የታየበት አንድ ጊዜ አለ። ጃንዋሪ 30 ቀን 2000፣ አትላንታ፣ የሱፐር ቦውል ፍጻሜ። የሴንት ሉዊስ ራምስ ቴነሲን 23 ለ 16 ይመራል። ስድስት ሰከንድ ቀርቷል፣ ቴነሲ 10 ያርድ ላይ ነው፤ ገብቶ ተጨማሪዋን ነጥብ ከመታ እኩል ይሆናል። የራምስ ማይክ በሁለተኛ ዓመቱ ላይ ያለው ፍሌቸር ነበር፤ ከጎኑ የቆመው ደግሞ እንደ እሱ በምልመላ ያልተመረጠ ማይክ ጆንስ (እዚህ ማይክ የሰው ስም ነው)።

የቴነሲ ዕቅድ ላይንባከር ማታለል ነበር። ታይት ኤንዱ ፍራንክ ዋይቼክ ቀጥ ብሎ ወደ ነጥብ መስመሩ ይሮጣል፤ ጆንስ ይከተለዋል፤ በለቀቀው ቦታ ኬቨን ዳይሰን በሰያፍ ገብቶ ኳሱን ይቀበላል። እስከ መሃሉ እንደ ዕቅዱ ሄደ። ጆንስ ዋይቼክን ተከተለ። ግን ጀርባውን ሙሉ በሙሉ አልሰጠም፤ ዘወር ብሎ ሲያይ ኳሱ ዳይሰን እጅ ሲገባ ተመለከተ፣ እግሩን ተክሎ ተመለሰ፣ የዳይሰንን እግሮች ጠቅልሎ ያዘ። ዳይሰን ወድቆ እጁን ዘረጋ። ኳሱ መስመሩ ሊደርስ አንድ ያርድ ቀረው፣ ሰዓቱም አለቀ።

ያ ምስል እስከ ዛሬ ይታያል። ልብ የሚባለው ግን ጆንስ ያደረገው አዲስ ነገር አለመኖሩ ነው። ሰው እየተከተሉ ዓይንን መስረቅ፣ እግር ተክሎ መመለስ፣ ከላይ ከመምታት ይልቅ እግር መጠቅለል፣ ሁሉም የረቡዕ ልምምድ ነው። ይኸው ሥራ ሁለተኛው ሩብ ላይ፣ ሜዳው መሃል ቢሠራ ኖሮ «5 ያርድ ተገኘ» ተብሎ ይታለፍ ነበር።

ልጅዎ ይህን ቦታ ከተሰጠው

በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በአትላንታ፣ በዳላስ፣ በሚኒያፖሊስ የሐበሻ ልጆች በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ማልያ ለብሰው ይሰለፋሉ፤ እግር ኳስ ብቻ የሚያውቅ አባት ደግሞ ዳር ቆሞ «ኳሱን ተከተል!» ይላል። ለላይንባከር ከዚህ የከፋ ምክር የለም።

ቤት ጓሮ ውስጥ የሚሆን ልምምድ አለ። ሦስት ልጆች ጋርድ፣ ሴንተር፣ ጋርድ ሆነው ጎን ለጎን ይቁሙ። ልጁ አራት ያርድ ርቆ ፊት ለፊታቸው ይቁም። አንድ ትልቅ ሰው ከልጁ ጀርባ ሆኖ፣ ልጁ እንዳያይ፣ በጣቱ ለሦስቱ አቅጣጫ ያሳይ፦ ወደፊት፣ ወደኋላ፣ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ። «ሂድ» ሲባል ሦስቱ ይንቀሳቀሳሉ፤ ልጁ የመጀመሪያ ሁለት እርምጃውን ብቻ ወስዶ ይቆማል። እርምጃው ትክክል ነበር? ድጋሚ። 10 ወይም 12 ጊዜ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ሲሆን መገመት ይጀምራል። ኳስ አያስፈልግም፤ ባይኖር ይሻላል።

ሲጥል ዓይኑ ወደ ላይ፣ አንገቱ ቀጥ ያለ መሆን አለበት። ራሱን አቀርቅሮ የሚገባ ልጅ የአንገት አጥንቱን አደጋ ላይ ይጥላል፤ ኤንኤፍኤልም ከ2018 ጀምሮ ራስ ቁርን ዝቅ አድርጎ መምታትን ይቀጣል። ራሱን ተመትቶ የደነዘዘ፣ ያዞረው ወይም ብርሃን ያስቸገረው ልጅ በዚያው ቀን ወደ ሜዳ አይመለስም። በአሜሪካ ግዛቶች ሕግ ከሜዳ ይወጣል፣ የሚመለሰውም የጤና ባለሙያ በጽሑፍ ሲፈቅድ ነው። «ደህና ነኝ» ማለቱ በቂ አይደለም፤ ላይንባከር የሚሆኑት ልጆች በተለይ እንዲህ ማለት ይወዳሉ።

ጨዋታ ሲመለከቱ ደግሞ አንድ ነገር ይሞክሩ። ኳሱ ከመነሳቱ በፊት ከመስመሩ ጀርባ እጁን እያወናጨፈ የሚጮኸውን ሰው ይፈልጉ፤ ከተነሳ በኋላ ለሁለት ሰከንድ ዓይንዎን ከእሱ አይንቀሉ። ወደ ጋርዱ ነው ወይስ ወደ ኳሱ የሚያየው? የመጀመሪያ እርምጃው አጭር ናት? ከዚያ ወደ ኳሱ ይመለሱ፤ ገና ብዙ አልራቀም።